ቢላዋ የሚነክስ ሽበት

ሊሲኖና በሕይወቷ ያበላሸችው እንጨት አንድ ብቻ ነው። ያውም ሰብራው ወይም ሰንጥቃው አይደለም። አጥርታ ፋቀችው፤ ጥፋቱ እሱ ነው።

መንደሩ ኡዱዌላ ይባላል። ከባላፒቲያ የባሕር ዳርቻ በአውቶቡስ አርባ ደቂቃ ወደ ውስጥ ነው። እዚያ ቀረፋ የማይነካ ቤት የለም። ከዝናቡ በኋላ ወንዶቹ ግንዱን ቆርጠው ያመጣሉ። ሴቶቹ ዳስ ውስጥ ምንጣፍ ላይ ተቀምጠው የላይኛውን ቅርፊት ይፍቃሉ። ከዚያ እንጨቱ በነሐስ ዘንግ ይታሽና ውስጠኛው ልጥ ይላጣል። ሊሲኖና ስድሳ አንድ ዓመቷ ነው፤ ሃምሳውን ስትፍቅ ኖራለች። መንደሩ ሊሲ አካ ይላታል፣ ታላቅ እህት እንደማለት። በዕድሜ የሚበልጧትም እንዲሁ ይጠሯታል።

ፋቂ ጥልቅ ካለች ልጡ ይቆስላል። በስሱ ካለፈች ሽበቱ ይቀራል። ሽበት የሚሉት ቅርፊቱ ላይ የሚለጠፈውን ነጭና ግራጫ ነገር ነው። ሽበት የቀረበት ቀረፋ ከሊሲኖና እጅ ወጥቶ አያውቅም። ነጋዴው ባያየው እንኳ ጎረቤት ያየዋል።

ባሏ ሳይኔሪስ ልጡን የሚልጥ ላጭ ነው። እጁ ጎበዝ፣ ወገቡ ሰነፍ ነው ትላለች። ማስረጃዋ ከዳሱ ጣሪያ ስር ተሰቅሏል። ከሠላሳ አንድ ዓመት በፊት ዳሱ ሲሠራ፣ ልጥ የሚሰጣባቸውን ገመዶች የሚሸከሙ አራት አግዳሚ እንጨቶች አስፈለጉ። ሳይኔሪስ በማሳቸው ወሰን ላይ ከቆመው የቀረፋ ዛፍ አራት ወፋፍራም ቅርንጫፎች ቆርጦ አመጣ። ሦስቱን ፋቀ። አራተኛው ላይ ምሳ ደረሰ። ከምሳ በኋላ ተኛ። ሲነሳ አራተኛውን ከነቅርፊቱ ሰቀለው፤ ማን ቀና ብሎ ያያል ብሎ።

ሊሲኖና ቀና ብላ አየች። ከዚያ ወዲህ እንግዳ በመጣ ቁጥር ጣቷን ወደ ላይ ትቀስራለች።

"እዩት ያንን። ባሌ ማለት እሱ ነው። ሦስት ሠርቶ አራተኛው ላይ የሚተኛ።"

"ወድቆባችሁ ያውቃል?" ይላል ሳይኔሪስ። ሌላ መልስ የለውም።

ኢሮሚ ከትልቁ ከተማ ከኮሎምቦ ወደ መንደሩ የመጣችው በግንቦት ነው። የሃያ ስምንት ዓመት ልጅ ናት። ለሦስተኛ ዲግሪዋ የምታጠናው ይህንኑ ሽበት ነው፤ በትምህርት ቤት ሊከን ይባላል። ሴቶቹ ምንነቱን ሲጠይቋት፣ ፈንገስና አልጌ አብረው የሚኖሩበት ነገር ነው አለች። ፈንገሱ ቤቱን ይሠራል፣ አልጌው ምግቡን ያበስላል።

"የሚተኛውስ የትኛው ነው?" አለች ሊሲኖና ሳይኔሪስን እያየች።

ኢሮሚ ከፋቂዎቹ ጎን ተቀምጣ፣ እንጨቱን ቢላዋ ሳይነካው በፊት ከሽበቱ ትንሽ ትንሽ ከነቅርፊቱ እየቀረፈች በወረቀት ታሽጋለች፤ ከቆሙት ዛፎችም እንዲሁ። ወረቀቱ ላይ ቀኑን፣ ቦታውንና የዛፉን ዓይነት ትጽፋለች። በሦስተኛው ቀን የሰበሰበችውን ምንጣፉ ላይ ዘረጋች። ከሁሉ የምትወደው አንዱን ዓይነት ነበር። አካሉ ነጭ ነው፤ ላዩ ላይ ጥቋቁር ጫጭር መስመሮች አሉት። ፊደል ይመስላሉ፣ ግን አይነበቡም። መስመሮቹ የሊከኑ ፍሬዎች ናቸው። ሳይንሱም የዚህን ወገን ስም ግራፊስ ብሎታል፤ ጽሑፍ ከሚል ቃል የወጣ ነው።

ሊሲኖና አንዱን ወረቀት ከፍታ በውስጡ ያሉትን ሁለት ቁራጮች አየች።

"ሚስ፣ እነዚህን ምን ብለሽ አንድ ላይ ከተትሻቸው?"

"አንድ ናቸዋ፣ ሊሲ አካ።"

"አንድ አይደሉም። ይኼኛው ይፋቃል። ያኛው ቢላዋ ይነክሳል።"

ኢሮሚ በአጉሊ መነጽር አየቻቸው። ቀለማቸው አንድ ነው። መስመራቸውም አንድ ነው።

"ኧረ በዓይን አይደለም" አለች ሊሲኖና። ቆልማማ መፋቂያዋን ሰጠቻት። "ጨፍኚና ሞክሪው። ጫፉን ብቻ።"

ኢሮሚ ዓይኗን ጨፈነች። የመጀመሪያው ድምፅ ሳያሰማ ተነሳ። ሁለተኛው ስለቱ ስር ክርር አለ።

"ሩዝ ውስጥ እንዳለ አሸዋ" አለች ኢሮሚ።

"እሱን ነው የምልሽ።"

"ይኼ ከየትኛው ዛፍ ነው የመጣው?"

"ከወሰኑ ዛፍ ነዋ። ለዘር የተተወው። ሌላውን በየሁለት ዓመቱ እንቆርጠዋለን፣ ነካሹ ደግሞ አይቸኩልም። ፊደል እስኪያወጣ ዛፉን የሚጠብቅለት የለም።"

ምንጣፉ ላይ የነበረችው ሦስተኛዋ ሴት ማጊሊን ሳቀች። ጎረቤት ናት፤ አፏ አያርፍም። "ሚስ፣ ዩኒቨርሲቲው ቢላዋ የለውም እንዴ?"

ኢሮሚ ሁለቱን ለየብቻ አሸገች። ከሁለት ሳምንት በኋላ ከኮሎምቦ ደወለች። ነካሹን በስሱ ቆርጣ በማይክሮስኮፕ ስታየው አካሉ በደቃቅ ክሪስታል ተሞልቶ አገኘችው። ሌላው ውስጥ አንድም የለም። አንድ ኬሚካል ጠብ ስታደርግበት ነካሹ ቀላ፤ ሌላው ቢጫ ሆኖ ቀረ። ከአገሯም ከጎረቤት አገሮችም የታወቁትን የወገኑን ዝርያዎች አንድ በአንድ አስተያየች። የአንዱ ስፖር፣ ዘሩ ማለት ነው፣ ይጠባል፣ የሌላው መስመር ይሰነጠቃል፣ ክሪስታል ያለው ደግሞ ኬሚካሉ አያቀላውም። ከነካሹ ጋር የሚገጥም አልተገኘም። አስተማሪዋ ቃል የሚቆጥቡ ሽማግሌ ናቸው። "አዲስ ሳይሆን አይቀርም" አሉ። ከሳቸው ይህ ብዙ ነው።

ኢሮሚ ገለጻውን ጽፋ ለአንድ መጽሔት ላከች። ገምጋሚዎቹ መለሱባት። ጥያቄያቸው አንድ ነው፦ ናሙናው የት አለ? አንድ ዝርያ ስም የሚያገኘው ምስክር ሆኖ የሚቀመጥለት ናሙና ሲኖር ነው። ናሙናው ማከማቻ ውስጥ ይቀመጣል፤ ከመቶ ዓመት በኋላም የሚጠራጠር ሰው ሄዶ ያየዋል። ኢሮሚ የነበራት ቁራጭ የአውራ ጣት ጥፍር ታክላለች። እሷም በመቁረጥና በኬሚካል አልቃለች። ሦስት ወር ሰጧት። በሦስት ወር የበሰለ ፍሬ ያለው በቂ ናሙና ካላቀረበች ጽሑፉ ይወድቃል፤ የሦስተኛ ዲግሪዋም አራተኛ ምዕራፍ አብሮ ይወድቃል።

በዚያው ሰሞን ኢሮሚ በወባ ትንኝ ሳይሆን በሌላኛዋ ትንኝ ተነድፋ ዴንጊ የሚሉት ትኩሳት ያዛት። ከአልጋ ሆና ደወለች።

"ሊሲ አካ፣ ከወሰኑ ዛፍ ፊደሉ የበዛበትን ቅርንጫፍ አንድ ክንድ ያህል ይቁረጡልኝ። በጋዜጣ ጠቅልለው በአውቶቡስ ይላኩልኝ።"

"አንቺ ተኚ። እኔ አለሁ።"

ሊሲኖና በዝናብ ወጣች። ሽበቱ ዛፉን ከግማሽ በላይ አልብሶታል፤ ፊደል ያወጣው ግን ባንድ ቅርንጫፍ ላይ ብቻ ነው። የቀረው ባዶ ገጽ ነው። ቅርንጫፉን በመጋዝ ቆርጣ፣ በቀሚሷ ጫፍ ከዝናብ ከልላ ወደ ዳሱ አመጣችው። ጋዜጣ የሚያመጣላት ሳይኔሪስ እስኪመለስ ቦታዋ ላይ ተቀመጠች።

ማጊሊን ኤልፒቲያ ከተማ ስለዋለችበት ሰርግ እያወራች ነበር።

"ሩዙ በሁለት ሰዓት አለቀ። የሙሽራው አጎት ማሰሮው ጋ ሄደው አንገታቸውን አስገብተው አዩ።"

"አንገታቸውን?"

"ከነኮፍያቸው። ከዚያ ምን አሉ መሰለሽ? 'እኔ ስጦታዬን ይዤ እመለሳለሁ።'"

"ይዘው ሄዱ?"

"የሻይ ብርጭቆ ነበር። ስድስት። አንዱን ትተው አምስቱን ይዘው ሄዱ፣ ሻይ ስለጠጡ።"

ሳይኔሪስ ጋዜጣውን ይዞ ሲደርስ ሊሲኖና ገና እየሳቀች ነው። እንጨቱን ጠቀለለች፣ በኮኮናት ገመድ ሁለት ቦታ አሰረች፣ መንገድ ወጥታ ለአውቶቡሱ ረዳት ሰጠችው።

"የዩኒቨርሲቲ ነው። ሰው እንዳይቀመጥበት።"

በማግስቱ ጠዋት ስልኩ ጮኸ።

"ሊሲ አካ፣ እንጨቱ ደረሰኝ።"

"ደግ። አልተጎዳም አይደል?"

"ሽበቱ የታለ?"

ሊሲኖና ቀኝ እጇን አየች። እጇ ምን እንዳደረገ ያን ጊዜ ነው የገባት። ሃምሳ ዓመት ሙሉ፣ ዳሱ ውስጥ ተቀምጣ እንጨት ጭኗ ላይ ካረፈ፣ ቢላዋው ይሄዳል። አፏ ስለሰርጉ ሲጠይቅ እጇ ሥራውን ጨርሷል።

"ፋቅሁት" አለች።

"ሁሉንም?"

"ግማሽ ፍቄ አውቃለሁ?"

ልትቀልድ ብላ አልነበረም። ኢሮሚም አልሳቀችም። "አይዞዎት ሊሲ አካ" ብላ ስልኩን ዘጋች። በዚያ በ"አይዞዎት" ሊሲኖና ከስድብ የበለጠ አፈረች።

መጀመሪያ የሄደችው ፍቅፋቂው የተደፋበት ቦታ ነው። የሦስት ቀን ፍቅፋቂ ተከምሮ ዘንቦበታል። በሩዝ ወንፊት እስከ ቀትር አጣራች። ያገኘችው ጭቃ ነው። ከዚያ ዛፍ ለዛፍ ሄደች። የጎረቤቱን፣ የቤተ መቅደሱን ጓሮ፣ ከወንዙ ማዶ ያለውን ባለቤቱ ኮሎምቦ የከረመበትን ማሳ። በየዛፉ ጥፍሯን ታሳርፋለች። ነካሹን አራት ቦታ አገኘችው። አራቱም ፊደል የላቸውም። ለኢሮሚ ደወለችላት።

"ፊደል ከሌለው ስፖር የለውም" አለች ኢሮሚ። ድምፅዋ ገና ደካማ ነው። "ስፖር ከሌለው ማንም አይቀበለኝም። ስድስት ሳምንት ቀርቶኛል።"

ሊሲኖና በዚያ ሰሞን ምሳዋን ግማሽ እየተወች ትነሳ ነበር። ማጊሊን ግን አልራራችላትም።

"ሊሲ አካ ሃምሳ ዓመት ሽበት ስትፈጅ ኖራ አሁን ባትሪ ይዛ ትፈልገዋለች።"

"ያንቺ ሰርግ ነው ያስፋቀኝ።"

"የኔ? እኔ ኮፍያ ነው ያወራሁት፣ ቢላዋ አላነሳሁም።"

እሑድ ቀን ነው። ምሳ ሩዝ፣ ምስርና የደረቀ ዓሣ ነበር። ሳይኔሪስ በልቶ እንደልማዱ ዳሱ ውስጥ በጀርባው ተንጋለለ። ሊሲኖና በሩ ላይ ተቀምጣ ቢላዋ ትስላለች።

"አንቺ" አለ ሳይኔሪስ።

"ተኛ።"

"ነካሹ ፊደል ያወጣው በወሰኑ ዛፍ ላይ ብቻ ነው አላልሽም?"

"አልኩ። እና?"

"እና ከወሰኑ ዛፍ ነው የቆረጥኩት።"

"ምኑን?"

ሳይኔሪስ አልተነሳም። እግሩን አንስቶ በአውራ ጣቱ ወደ ጣሪያው ጠቆመ።

ሊሲኖና ቀና አለች። በእንጨቱ ላይ የሠላሳ አንድ ዓመት አቧራ ተኝቷል። ከጎን በኩል ግን፣ ገመዱ እየተሻሸ አቧራውን ባራገፈበት ቦታ፣ ነጭ ነገር ይታያል። ነጩ ላይ ጥቋቁር መስመሮች አሉ። ስፍር ቁጥር በሌለው እንግዳ ፊት በጣቷ ያሳየችው እንጨት ነው። የባሏን ስንፍና እንጂ ሌላ ነገር አይታበት አታውቅም።

"አውርደው" አለች።

"መጀመሪያ አንድ ነገር በይ።"

"ምን ልበል?"

"ታውቂዋለሽ።"

"አልልም።"

"እንግዲያው ወገቤ ሰነፍ ነው። መሰላል አያወጣኝም።"

ሊሲኖና ቢላዋውንና ድንጋዩን አስቀመጠች። "ባትፍቀው ደግ አደረግህ።"

"ከዚህ አይሰማም።"

"ሳይኔሪስ፣ እኔ ከወጣሁ በእንጨቱ ነው የምመታህ።"

ተነሳ። ከሥር ያሉትን ገመዶች ፈትተው፣ እሱ መሰላሉ ላይ እሷ ከታች ሆነው እንጨቱን አወረዱት። ልትቀመጥ ስትል አስቆማት።

"ጭንሽ ላይ እንዳታደርጊው!"

ልክ ነበር። ምንጣፉ ላይ አስተኙት። ሊሲኖና ጎንበስ ብላ በጥፍሯ ጫፉን ነካ አደረገች። ክርር አለ።

ኢሮሚ በሦስተኛው ቀን መጣች። ከስታለች፤ ቀሚሷ ሰፍቷታል። ሳይኔሪስ ሻይና አንድ ቁራጭ የዘንባባ ስኳር ሰጣት፤ ስኳሩን በጥርሷ ይዛ ሻዩን ሳትጨርስ ማይክሮስኮፗን አወጣች። በባትሪ የሚሠራ ትንሽዬ ነው። ሊከኑ ከሞተ ሠላሳ ዓመት አልፎታል፤ ያ አላስጨነቃትም፣ ማከማቻ ውስጥ ያሉት ሁሉ ሙታን ናቸው። የፈራችው ሻጋታና ነፍሳት ፍሬውን በልተውት እንዳይሆን ነው። ከአንዱ መስመር በምላጭ ቀጭን ቁራጭ አነሳች፣ ውሃ ጠብ አደረገችበት፣ ጎንበስ አለች።

ማጊሊን ከኋላዋ ተጠጋች።

"ነፍሳት አልነካውም" አለች ኢሮሚ ዓይኗን ሳታነሳ።

"ቀረፋ ዳስ ውስጥ ምን ነፍሳት ይገባል" አለ ሳይኔሪስ። "ሽታው ያባርራቸዋል። ጥላ፣ ደረቅ፣ አየር ያለው። አስቤበት ነው የሰቀልኩት።"

"ተው እንጂ" አለች ሊሲኖና።

ኢሮሚ ስፖሮቹን በእርሳስ እያሰመረች መቁጠር ጀመረች። "ስድስት። ሰባት። ስምንት። ስምንቱም ሙሉ ናቸው። በስለዋል።" ቀና ስትል ዓይኗ ቀልቷል፤ ከትኩሳቱ ይሁን ከሌላ አልታወቀም። ለሊሲኖና ቦታ ለቀቀችላት።

ሊሲኖና አንድ ዓይኗን ጨፍና አየች። በቀጭን ከረጢት ውስጥ የተደረደሩ ረዣዥም ዘሮች ናቸው፤ እያንዳንዳቸው በክፍል በክፍል ተከፋፍለዋል።

"የበቆሎ ረድፍ ይመስላል።"

"ልክ ነዎት።"

"ይኼን ነው የፋቅሁት?"

"ይኼንን ነው።"

"ብዙ ፍቄያለሁ" አለች ሊሲኖና፤ ቦታዋንም ለማጊሊን ለቀቀች።

ከሰዓት በኋላ ኢሮሚ የጻፈችውን ገለጻ በመንደሩ ቋንቋ እያደረገች አነበበችላቸው። አካሉ ከነጭ እስከ ፈዛዛ ግራጫ፣ ሻካራ፣ በክሪስታል የተሞላ...

"ሻካራ አይደለም" አለች ሊሲኖና።

"ክሪስታል አለው እኮ።"

"ውስጡ ይኑር። በመዳፍሽ ዳስሺው። የሕፃን ገላ ነው። ቢላዋ ነው የሚያውቅበት።"

ኢሮሚ በመዳፏ ዳሰሰችው። "ሻካራ" የሚለውን ሰርዛ ላዩ ልሙጥ፣ ሲፋቅ ግን አሸዋማ ብላ ጻፈች። ገለጻው በታተመበት ጊዜም እንዲሁ ወጣ።

ቀጥሎ ስም መጣ። ኢሮሚ በሊሲኖና ስም ልትጠራው አስባለች።

"የፋቅሁትን ነገር በስሜ? መንደሩ ይስቅብኛል።"

"በኔ ይሁን" አለ ሳይኔሪስ።

"ባንተማ አይሆንም።"

ኢሮሚ መዝገበ ቃላት አውጥታ ላቲን ስትፈልግ ቆየች። በመጨረሻ ግራፊስ ኢራሳ አለችው።

"ኢራሳ ምንድን ነው?" አለ ሳይኔሪስ።

"ያልተፋቀ።"

"የኔ ነው ማለት ነው።"

ለሊሲኖና ከዚህ የባሰ ደግሞ ነበር። ናሙናው የሚቀመጥበት ወረቀት ላይ የሰብሳቢው ስምና የተሰበሰበበት ዘመን ይጻፋል። ሰብሳቢ ማለት እንጨቱን ከዛፉ የቆረጠው ሰው ነው። ኢሮሚ ሳይኔሪስን ዘመኑን ጠየቀችው።

"ሁለተኛዋ ልጃችን የተወለደች ጊዜ። ወሩ ሐምሌ ነው። ምሳው ትዝ ይለኛል፣ የጃክ ፍሬ ወጥ ነበር።"

"ለመተኛቱም ቦታ አለው ወረቀቱ?" አለች ሊሲኖና።

"ማስታወሻ የሚባል መስመር አለ" አለች ኢሮሚ። ጻፈችበትም፦ ከመላጫ ዳስ ጣሪያ ስር፤ ሊሲኖና በቢላዋ ከሌላው የለየችው።

ገምጋሚዎቹ ተቀበሉ። ጽሑፉ በተከታዩ ዓመት ታተመ። ኢሮሚ አንድ ቅጂ አመጣች፤ ሳይኔሪስ በላስቲክ ሸፍኖ የዳሱ ምሰሶ ላይ ለጠፈው። ማንም አያነበውም፣ ፎቶውን ግን ሁሉም ያየዋል። ከዳሱ ጣሪያ ስር የተነሣው እንጨት ቦታ አዲስ አግዳሚ ገብቷል። ሳይኔሪስ ቆርጦ ሲያመጣው ከነቅርፊቱ ሊሰቅለው ሞክሮ ነበር።

"ምን ይታወቃል፣ ሌላ ዝርያ ይኖርበት ይሆናል።"

"አምጣው ወዲህ።"

ሊሲኖና ተቀምጣ ጭኗ ላይ አጋደመችው። መጀመሪያ ዳር እስከ ዳር አየችው፤ ጥፍሯንም ሦስት ቦታ አሳረፈችበት። አልነከሰም። ከዚያ ፋቀችው፣ እስከ ጫፉ።

የወሰኑ ዛፍ ላይ ማንም እንዳይቆርጠው ቀይ ክር ታስሯል። በዚህ ዓመት ከክሩ በላይ፣ ባዶ በነበረው ገጽ ላይ፣ ሁለት አጫጭር ጥቋቁር መስመሮች ወጥተዋል። ሊሲኖና ወደዚያ ስትሄድ መፋቂያዋን ዳሱ ውስጥ ትታ ነው የምትሄደው።

እንግዳ ሲመጣ ጣቷ አሁንም ከልማድ ወደ ጣሪያው ይነሳል። ግን የሚቀሰርበት የለም፤ አራቱም አግዳሚዎች ንጹሕ ናቸው።

"እዚያ ላይ አንድ እንጨት ነበር" ይላል ሳይኔሪስ ከተጋደመበት። "አሁን ከተማ ነው ያለው። የራሱ ሳጥን አለው።"

"ወድቆብን አያውቅም" ትላለች ሊሲኖና፤ ቀጣዩንም እንጨት ታነሳለች።